የአንኮበር ወፍጮ

ባለፈው የወር ስብሰባችን ላይ ማኅበራችን ወፍጮ ቤት ይክፈት ወይስ ገንዘቡ በቁጠባ ይቆይ የሚለው ክርክር ሲሞቅ፣ አንዲት ታላቅ እህታችን ከኋላ ረድፍ ሆነው «ወፍጮ ድሮም ነበር፤ ለሴት ምን የተለየ ነገር አመጣ?» አሉ። ሰው ሳቀ፣ ውይይቱም ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። እኔ ግን የሒሳብ ደብተሩን ይዤ ጥግ ላይ እንደተቀመጥኩ ሐሳቤ አንኮበር ሄደ። የእናቴ እናት የዚያ አገር ሰው ናቸው። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ አሳልፍ ስለነበር ስለ ከተማዋ የሰማሁትም፣ በኋላ ያነበብኩትም ጥቂት አይደለም። ስለ ወፍጮ ከተነሣ ደግሞ አንኮበር የራሷ ታሪክ አላት። ለጋዜጣችን የምጽፈውም እሱን ነው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ በሜዳው ላይ ገብስና ባቄላ፣ በግና ኩበት እያያችሁ ትሄዳላችሁ፤ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ እስከ አፋር በረሃ ድረስ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ቆላው እንደ ቢጫ ምንጣፍ ተዘርግቶ ከሩቅ ይታያል። የጠራ ቀን ግን ብዙ አይደለም። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጠዋት በር ስትከፍቱ ደመናው ከእግራችሁ ሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ቤት ውስጥ ይገባል። አያቴ ልብስ ታጥቦ የሚደርቅበትን ቀን እንደ በዓል ቀን ይቆጥሩት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግና ክረምት። በልጉ ሲሰምር የገብሱ ጎተራ ይሞላል፤ በልጉ ሲቀር የአገሩ ፊት ይጠቁራል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ አለ። አንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ ያበበ ባቄላ አቃጥሎ ያድራል። ስለዚህ የአንኮበር ሰው ገብስ ያበዛል፤ የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና ይለብሳል፤ እሳት ዳር ብዙ ይቀመጣል። ቁልቁል ግማሽ ቀን ባልሞላ ጉዞ ግን ሌላ አገር ነው። በአልዩ አምባ በኩል ሲወርዱ ማሽላ፣ ጥጥ፣ ጫት ይጀምራል፤ አርጎባዎቹ ይነግዳሉ፣ ይሸምናሉ። አንዲት ሴት ማለዳ በባና ተጠቅልላ ከቤቷ ወጥታ፣ እኩለ ቀን ላይ ነጠላዋን እንኳ ከብዷት ገበያ ልትደርስ ትችላለች ማለት ነው። መመለሻው ግን ሽቅብ ነው፤ ከሸክም ጋር።

ነገሥታቱ ይህን ጠርዝ የመረጡት ለዚህ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የሸዋው መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ልጃቸው አስፋ ወሰንና የልጅ ልጃቸው ወሰን ሰገድ ቀጠሉ። ከተማዋ በስም የታወቀችው ግን የወሰን ሰገድ ልጅ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ነው። ገደሉ ከምሥራቅ ለሚመጣ ጠላት አጥር ነው። ከባሕር የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ደግሞ በግርጌው ያልፋል፤ ስለዚህ ከላይ የተቀመጠ ሰው ቀረጡን ይሰበስባል። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ከበረሃው በግመል እስከ ግርጌው ይመጣል። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣው ዕቃው እዚያ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ላይ ይጓጓዛል። አሞሌ ጨው ገንዘብም ነበር። እኔ በሙያዬ ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ጉም በማይለየው አገር ላይ ገንዘብህ ጨው ነው! እርጥበት የሚያሟሟው ገንዘብ። የእኛ የዕቁብ ሰብሳቢ በዚያ ዘመን ብትሆን ገንዘቡን ከመዝረፍ ይልቅ ከመሟሟት ስትጠብቅ በታደረች።

ስለ ገበያው ሳነሣ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶችና ልጆች፣ በዚያ አልፈው ወደ ባሕሩ ይነዱ ነበር። ንጉሡም የራሳቸው ባሪያዎች ነበሯቸው። አያቴ ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ሲያወሩ ስለ ጠጁና ስለ ግብሩ እንጂ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ሳነብ ነው ያገኘኋቸው፤ ያገኘኋቸውም ወፍጮ ላይ ተደፍተው ነው።

በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር 16 አንቀጾች ያሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ ጠመንጃና መድፍ በስጦታ ይዞ ነበር የመጣው። ሰውየው አገሩ ሲመለስ ስለ ጉዞው ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመ። ትዕቢት የተሞላ መጽሐፍ ነው፤ ሲያነቡት ያናድዳል። ነገር ግን ዓይኑ ክፉ አይደለም፤ ያየውን ይጽፋል። ከኮረብታው ላይ በእንጨት አጥር በላይ በላዩ የታጠረውን ግቢ፣ የሣር ክዳን ቤቶቹን፣ ጉሙንና ጭቃውን ይተርካል። በግቢው ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች የንጉሡን እህል ሲፈጩ እንደሚውሉም ይነግረናል።

እዚህ ላይ እንደ ልማዴ እርሳስ አነሣሁ። ቀጥሎ ያለው ስሌት የእኔ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ የቆጠረው አይደለም። አያቴ እንደሚሉት አንድ ቁና ገብስ በድንጋይ ወፍጮ ለመፍጨት ለበረታች ሴት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ ሲነጋ ትጨርሳለች። አንድ ቁና ዱቄት ለዐሥር ሰው የአንድ ቀን እንጀራ ይሆናል እንበል። አንድ ሺህ ሰው የሚበላበት ግቢ በቀን 100 ቁና ይፈልጋል፤ 300 ሰዓት ማለት ነው። አንዷ ሴት በቀን ስድስት ሰዓት ብትፈጭ 50 ሴቶች ያስፈልጋሉ፤ ሌላ ምንም ሳይሠሩ፣ አንድ ቀን ሳይታመሙ። ይህ የእንጀራው ብቻ ነው። የጠላው ብቅል፣ የሽሮው፣ የበርበሬው፣ የዘመቻው በሶ አልተቆጠረም። ንጉሡ በየዓመቱ ይዘምታሉ፤ ሠራዊቱ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሴቶች ድንጋይ ተሸክመው እየተከተሉ በየሰፈሩበት ይፈጫሉ። የሃሪስ «በመቶ የሚቆጠሩ» የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የግቢው ሒሳብ ነው። ከግቢው ውጭ በእያንዳንዱ ጎጆ ውስጥ አንድ ወፍጮ፣ አንድ መጅና አንድ ሴት ነበሩ። የዚያች ሴት ሰዓት በማንም መዝገብ አልገባም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በዚሁ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ድሜጥሮስ የሚባል ከውጭ አገር የመጣ የእጅ ባለሙያ በአንኮበር የውሃ ወፍጮ ሠራ። ንጉሡ የእጅ ጥበብ ወዳጅ ነበሩ፤ ጠመንጃ የሚጠግን፣ ባሩድ የሚያዘጋጅ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ሲመጣ ይቀበሉ ነበር። አገሩም ለውሃ ወፍጮ የተፈጠረ ነው፤ ጅረቱ ከዓመት ዓመት ከገደሉ ላይ ይወርዳል፤ ወርዶም ምንም ሳይሠራ በረሃ ገብቶ ይቀራል። ወፍጮው ተተከለ፤ ድንጋዩ በውሃ ኃይል ዞረ፤ ዱቄትም ወጣ። ቀሳውስቱ ግን የአጋንንት ሥራ ነው አሉ። ሰው ከቶ ሳይነካው በራሱ የሚፈጭ ድንጋይ ማን ነው የሚያዞረው? ሕዝቡ ፈራ፤ እህሉን ይዞ የሚሄድ ጠፋ፤ ወፍጮው ቆመ፤ ቆይቶም ፈረሰ።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ከጥቂት መስመር አያልፍም። የውጭ አገር ጸሐፊዎች የሚያነሡት አገራችን ኋላ ቀር ነበረች ለማለት ነው። እኔ እንዲህ አላነበውም። ቀሳውስቱን ብቻ መውቀስም ቀላል መንገድ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው ሁሉ በቡዳ ይጠረጠር ነበር፤ በእጁ አዲስ ነገር ያወጣ ሰው መጠርጠሩ አንኮበር ላይ የተጀመረ ነገር አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የሃሪስ መድፍ ከወፍጮው ይልቅ የሚያስፈራ ድምፅ ነበረው፤ እሳት ይተፋ ነበር። ግን መድፉ በግቢው ቦታ አገኘ። ጠመንጃውም ተቆጥሮ ግምጃ ቤት ገባ። ንጉሡ መድፉን ከፈለጉት ማንም ሊያስጥላቸው እንዳልቻለ ሁሉ፣ ወፍጮውንም ከፈለጉት የሚያስቆማቸው አልነበረም።

አልፈለጉትማ። ለምን ይፈልጉታል? በሒሳብ ቋንቋ ስንናገር፣ ወጪ ያልሆነን ነገር መቀነስ ትርፍ አይደለም። የእነዚያ ሴቶች ጉልበት ለግቢው ዋጋ አልነበረውም፤ ደመወዝ አይከፈልበት፣ በአሞሌ አይተመን። ወፍጮው የሚያድነው የሴቶቹን ክንድ ነው፤ ክንዱ ደግሞ በነጻ የተገኘ ነው። ስለ ወፍጮው መቆም የተወያዩት ሁሉ ፈጭተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የሚፈጩትን የጠየቃቸው የለም።

አንድ ቀን ይህን ታሪክ ለአያቴ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ትንሽ ቆዩና «ቄሶቹ እንጀራውን በሉት አይደለም?» አሉኝ። አዎ፣ በሉት አልኳቸው። ሃይማኖተኛ ሴት ናቸው፤ ጾም አይሽሩም፤ ቄስ ሲያዩ ከመንገድ ወርደው መስቀል ይሳለማሉ። ግን ያን ቀን ጉልበታቸውን እያሹ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የአያቴ ጉልበት የጠፋው ተንበርክኮ በመፍጨት ነው። የሞተር ወፍጮ ወደ ሰፈራቸው የመጣው ሦስት ልጅ ከወለዱ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ብለው ያልሄዱ ሴቶች ነበሩ ይላሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። እሳቸውም ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነጋ ተኝተው እንደነበር ያስታውሳሉ። ምን እንደተሰማቸው ስጠይቃቸው «ታመምኩ እንዴ ብዬ ፈራሁ» አሉኝ።

አንኮበር ዋና ከተማነቷን ብዙ አልቆየችበትም። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በልጅነታቸው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ አንኮበርን ይዘው ነገሡ። የኢጣሊያ መልክዓ ምድር ማኅበር መልእክተኞችም በ1868 ዓ.ም. ገደማ መጥተው በአቅራቢያዋ ጣቢያ አቁመዋል። ግን የንጉሡ ዓይን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዞሮ ነበር። ግዛቱ ወደዚያ ሲሰፋ አንኮበር ጥግ ላይ ቀረች። መቀመጫው መጀመሪያ ወደ ልቼ፣ ቀጥሎ ወደ እንጦጦ ሄደ። እንጦጦም እንደ አንኮበር ብርድና ነፋስ የበዛበት ኮረብታ ነው፤ ማገዶው ሲያልቅ ከሩቅ ይለቀማል። በመጨረሻ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን ሜዳ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱ ለጦርነት የሚመች ተራራ ሲመርጡ የኖሩበትን አገር፣ አንዲት ሴት ሙቅ ውኃ ወዳለበት ሜዳ አወረደችው። ይህን የምለው ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ተራራ ላይ የተሠራ ከተማ ውኃና እንጨት የሚወጣለት በሴት ጀርባ መሆኑን ተራራ ላይ የኖረች ሴት ታውቀዋለች።

መኳንንቱ ሲሄዱ አንኮበር ትንሽ ከተማ ሆነች። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አሁንም አለ፤ ከድሮው ግንብ የቀረ ግድግዳ ይታያል፤ በቅርብ ዘመንም የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ይባላል። ጎብኚዎች የሚመጡት ለገደሉ፣ ለጭላዳው ዝንጀሮና በስሟ ለሚጠራው ትንሽ ወፍ ነው፤ ወፉ በሳይንስ የታወቀው ገና በ1971 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ከድንጋዩ የማይለይ ስለሆነ ልጆች ሆነን ብናየውም አናውቀውም ነበር። ወፍ ዋሻ የሚባለው ጥንታዊ ጫካም ቅርብ ነው፤ ጽዱና ዝግባው ገና አለ። ሰው ግን የሚያነደው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍና ኩበት ነው።

ኑሮው ከዱሮው ያልተለየበት ብዙ ነገር አለ። በገበያ ቀን ማለዳ መንገዱ ዳር ብትቆሙ ቆላ የሚወርዱትን ሴቶች ታያላችሁ፤ ባቄላና ገብስ፣ እንቁላልና ቅቤ ይዘው ይወርዳሉ፤ በርበሬና ማሽላ ይዘው ይወጣሉ። ጉሙ ሲመጣ ከፊትሽ የምትሄደውን ሴት በሸክሟ ጥላ ብቻ ነው የምትለያት። ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ሳል፣ የአህያ ኮቴ፣ አንዳንዴ ሳቅ። አያቴ ይህን መንገድ ሲናፍቁት ሰምቻለሁ። ብርዱን ግን አይናፍቁም። አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ሲመጡ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው «ይህ አገር በነጻ ያሞቃል» ይላሉ።

ወፍጮ ቤት አሁን በየቦታው አለ። ግን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እዚሁ የእኛ ሰፈር ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ሰሞን ከአባሎቻችን መካከል እህል በጀርባቸው አዝለው ሁለት ሰፈር አልፈው የሄዱ ነበሩ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱም ባለወፍጮው ዋጋ ጨምሮ ጠበቃቸው። ይህ በሒሳብ መዝገባችን ላይ የለም፤ ምክንያቱም የጠፋው ብር የእያንዳንዳቸው እንጂ የማኅበሩ አይደለም፤ የጠፋው ጊዜ ደግሞ ከነጭራሹ የማንም አይደለም።

ታላቅ እህታችን «ለሴት ምን የተለየ ነገር አመጣ?» ያሉት ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸው የፈሩት ማኅበሩ ወፍጮ ገዝቶ፣ ወንድ ቀጥሮ፣ ገቢው በሌላ እጅ ገብቶ እንዳይቀር ነው። ፍርሃታቸው እውነት አለው። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የምፈራው ያንኑ ነው፤ ሌላ ቦታ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ የወፍጮው ዋጋ ከሦስት ሻጮች ተጠይቆ፣ የጄኔሬተሩ ለብቻው፣ የመብራት ቆጣሪው ለብቻው። ሌላው ማንም ያልጠየቀኝ ነው፤ አባሎቻችን በሳምንት ስንት ሰዓት ለወፍጮ እንደሚያጠፉ፣ በመንገድና በሰልፍ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር። ለዚህ እንዲረዳኝ እያንዳንዳችሁ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት፣ ወፍጮ ቤት የሄዳችሁበትን ቀን፣ ከቤት የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ሰዓት፣ ያስፈጫችሁትን ኪሎና የከፈላችሁትን ጻፉልኝ። መጻፍ የሚከብዳችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስላለሁ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።